እጅጌው ወደ ቀኝ ነው

ቶርልቢ፣ የሻማ ቡራኬ በዓል ማግስት

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለአቪስ፣ ለንደን፣ በእመቤት ዳሜታ የጥልፍ ቤት።

እንዴት ሰነበትሽ የኔ ሆድ? እኔማ አለሁ። ጉልበትዎስ ብለሽኛል፤ ጉልበቴ ከእኔ ጋር ተኳርፏል፣ ሲፈልግ ይታጠፋል፣ ሳይፈልግ እንደ እንጨት ይገተራል። ሌላው አካሌ ደህና ነው። ምላሴን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ይሄን የሚጽፉልኝ አባ ኦስበርት ናቸው። እኔ አወራለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ስፈጥንባቸው ብዕራቸውን አንስተው ጣራ ጣራውን ያያሉ፤ ያኔ እስኪመለሱ ዝም እላለሁ፣ ዝም ማለት ለእኔ ምን ያህል እንደሚከብደኝ መቼም አይጠፋሽም።

ደብዳቤሽን ዓሣ ነጋዴው አመጣልኝ። ከዓሣው ጋር ጠቅልሎት ስለነበር ቤቱ እስከ ዛሬ ይሸታል። ግድ የለም፣ ባይሸትም አስታውስሽ ነበር።

በቶርልቢ ጌቶች ጋሻ ላይ የተሳለው ነገር በትክክል ምን ዓይነት ነው፣ እጁስ ወደ የት ያመለክታል ብለሽ ጠየቅሽኝ። ጉድ እኮ ነው። እዚሁ ተወልደሽ፣ እስከ አሥር ዓመትሽ ድረስ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ስታዪው ኖረሽ፣ ያኔ ዓይንሽ የት ነበር? ዝንብ ስትቆጥሪ ነበር እንበል። ለነገሩ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ከብት ጠባቂዎቹ መጥረቢያ ነው ይላሉ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ የዓሣ ጅራት ነው ብሎ እስከ መጣላት ይደርሳል። እንግዳ ሰው ሲያየው የተንጋደደ ፊደል ይመስለዋል።

እጅጌ ነው። ነጭ እጅጌ፣ በቀይ መደብ ላይ። ከላይ ትከሻው፣ ከዚያ ክንዱ እጥፍ ብሎ፣ እጁ ጋ ሲደርስ አፉ ሰፍቶ እንደ ከረጢት ወደ ታች ይንጠለጠላል። የዛሬ ሴቶች እጅጌያቸው እንደ ቋሊማ ስለጠበበ ነው ሰው እጅጌ አይቶ የማያውቀው። በእኛ ጊዜ እጅጌ እጅጌ ነበር። ከእጅ አንጓ ጀምሮ ይከፈትና እስከ ጉልበት ይወርዳል፤ ጭቃ ሲሆን ጫፉን ቋጥረን እናሳጥረዋለን። ሴት ቆማ እጇን ስታነሳ ያ ጨርቅ ከእጇ ላይ እንደ ውሃ ይፈስሳል። ምን ልበልሽ፣ ሰው ንግግሩን አቋርጦ ነበር የሚያየው።

ያንን እጅጌ ደግሞ እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ ስሰፋውም አንቺን አላውቅሽም፣ እናትሽንም አልወለድኳት። ጋሻው ላይ የተሳለው የእመቤቴ የኢዶኒያ እጅጌ ነው፤ የማለብሳቸው እኔ ነበርኩ። እጅጌው ለብቻው ነው የሚሰራው። ጠዋት ጠዋት ትከሻቸው ላይ በጥቂት ስፌት እይዘዋለሁ፣ ሲያወልቁ እፈታዋለሁ።

እና እጁ ወደ ቀኝ ነው የሚያመለክተው። ያለ ጥርጥር ወደ ቀኝ። ስለ እጅጌ ስናገር ሊቀ ጳጳሱ ቢመጡም አይከራከሩኝም። አባ ኦስበርት እዚህ ታች ላይ ሊስሉልሽ ሞክረው ነበር፤ ዳክዬ ሆነባቸው፣ ፋቅነው። ብራናው የሳሳው ለዚያ ነው።

ለምን እንደጠየቅሽ አልነገርሽኝም። ሳትነግሪኝ አትቅሪ፣ ተኝቼ አላድርም።

አያትሽ ፔትሮኒላ፣ በአባ ኦስበርት እጅ



ቶርልቢ፣ የዐቢይ ጾም ሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ

አቪስዬ፣ እንደምን ከረምሽልኝ?

እኔ ጾሙን በደረቅ ዓሣና በባሮ ሽንኩርት እየገፋሁት ነው፤ ሆዴ ከእኔ በላይ ያማርራል። የላክሽውን ግን ሦስት ጊዜ አስነበብኩ። ሦስተኛው ላይ አባ ኦስበርት «አሁንስ በቃልሽ ይዘሽዋል» አሉኝ። ይዤዋለሁ። ገበያ ላይ ለማልወደው ሰው ሁሉ ሳይቀር ነግሬያለሁ።

እንግዲህ የእመቤቴ የልጅ ልጅ፣ ትንሹ ጌታ ዋረን፣ ለጰራቅሊጦስ ሊንከን ላይ ሰይፍ ታጥቆ ፈረሰኛ ሊባል ነው፤ ፈረሱም የሚለብሰው ቀይ ሐር የተሰጠው ለእናንተ ቤት ነው፤ እዚያ ሁሉ ሴት መሀል እጅጌውን የምትጠልፊው ደግሞ አንቺ። «የዚያ አገር ልጅ ነኝ፣ ጋሻውን ከሕፃንነቴ አውቀዋለሁ» ብለሽ ለእመቤት ዳሜታ መናገርሽን ስሰማ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከሕፃንነትሽ የምታውቂው ዝንቡን ነው። ግን ደግ አደረግሽ። ሰው ራሱን ካላቀረበ ማን ይጠራዋል።

እመቤት ዳሜታ ከዚህ በፊት ፈረስ አልብሳ እንደማታውቅ፣ ያለበሰችው ጳጳስ ብቻ እንደሆነ ጽፈሻል። ጳጳስ ይቀላል፣ አራት እግር የለውም። ያልሽውን ሁሉ ገብቶኛል፦ ካማረ የሰባት ዓመቱ ትምህርት አበቃ፣ ከዚያ ቤት ሴቶች እኩል ትቆጠሪያለሽ። ከተበላሸ ደግሞ ባዶ እጅሽን ወደዚህ። እኔ ምን እላለሁ? አይበላሽም። ስምንት ዓመትሽ ላይ የሰፋሽልኝን ሸሚዝ ዛሬም ለብሼዋለሁ፤ ሸሚዙ አልቆ ስፌትሽ ብቻ ነው የቀረው።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። እመቤቴ እጅጌውን ለምን ለልጁ አያት ሰጡ፣ ግጥሚያውን ያሸነፉት እሳቸው ነበሩ ወይ ብለሻል። የለም። የተሸነፉት ናቸው።

ስታምፎርድ ሜዳ ላይ ነው፣ በፈረሰኞች ግጥሚያ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። የዚያን ጊዜው ጌታ ዋረን፣ የዛሬው ልጅ አያት፣ ምን ነበራቸው? አንድ ፈረስ፣ የአባታቸው ጦር፣ ምንም ያልተሳለበት ጋሻ። ሌላው አንበሳ ይዟል፣ ንስር ይዟል፣ ሦስት ዓሣ የያዘም ነበር። የእሳቸው ቀይ ብቻ። አጠገቤ የቆመች የሌላ ቤት አልባሽ «የእሱ አንበሳ ምሳ ሊበላ ሄዷል» ብላ አሳቀችን። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽሽም።

አንድ ግዙፍ ሰው ጦሩን ደግኖ መጣባቸው። ሳይገናኙ የዚያ ሰውዬ ፈረስ ተንሸራተተና በላዩ ወደቀበት፤ ፊቱ በጭቃው ውሃ ውስጥ ተቀበረ። ማርከውት ፈረሱን ቢወስዱ ደንቡ ነው። ጌታ ዋረን ግን ከፈረሳቸው ዘለው ወረዱ፣ ጀርባቸውን ከወደቀው ፈረስ ስር ከተው እስኪነሳ ገፉ፣ ሰውዬውን በአንገትጌው ጎትተው አወጡት። እዚያ ሲታገሉ ሌላው መጥቶ የእሳቸውን ፈረስ ይዞ ሄደ። በቃ። ፈረስ የለ፣ ጦር የለ፣ ከእግር እስከ ራስ ጭቃ ብቻ ሆነው በእኛ በሴቶቹ ፊት በእግራቸው አለፉ። ሜዳው በሙሉ ሳቀ።

እመቤቴ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «ፔትሮኒላ፣ ፍቺው» አሉኝ።

«ምኑን እመቤቴ?»

«እጅጌውን።»

«አባትዎ እዚያ ተቀምጠዋል።»

«አያቸዋለሁ። ፍቺው።»

መቀስ አልያዝኩም። ክሩን በጥርሴ ቆረጥኩት። እመቤቴ እጅጌውን ይዘው እስከ አጥሩ ወረዱ። ጌታ ዋረን ቢያዩ እጃቸው ጭቃ ነው፣ እንዴት ይቀበሉ? የቀራቸው ጋሻ ብቻ ነበር፤ በክርናቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉትና እንደ ትሪ ዘረጉት። ነጩ እጅጌ ቀዩ ላይ አረፈ። አቪስ፣ ያኔ ሳቁ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሻው ያው ነው።

እመቤቴ ተመልሰው ተቀመጡ፤ አንዱ እጃቸው በውስጥ ሸሚዝ ብቻ፣ በዚያ ብርድ። ካባ ላልብስዎት አልኳቸው። ተይው አሉኝ። ግጥሚያው እስኪያልቅ አልሸፈኑትም። አባታቸው እስከ አጨዳ አላነጋገሯቸውም። እኔ ብዙ ሴት አልብሻለሁ፣ ባዶ ክንድ እንደዚያ ሲያምር ግን አላየሁም።

ይሄን እያሰብሽ ጥለፊ። መርፌሽ ውስጥ ይግባ።

ፔትሮኒላ



ቶርልቢ፣ ከትንሣኤ በኋላ ሁለተኛው ማክሰኞ

አቪስ ልጄ፣

ዛሬ ሰላምታ አላበዛም። ደብዳቤሽን አባ ኦስበርት ሲያነቡልኝ መሀሉ ላይ ቆም አሉና አዩኝ፤ ያኔ ነው የገባኝ። የጌታ ቤት መጋቢ መጥቶ ጥልፉን እንዳየው፣ «እጅጌው ዞሯል» እንዳለ፣ እመቤት ዳሜታ መርፌ የገባበት ሐር ቀዳዳው እንደማይደፈን፣ ከዚያ ቀይ ሐርም አንድ ክንድ እንኳ ሌላ እንደሌለ መናገሯን ሁሉ ሰማሁ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን መጋቢው ጋሻ የሚያውቁትን ሽማግሌ ይዞ ተመልሶ ይፈርዳል፤ ከዚያ ወደ ቤት ይልኩሻል።

ጥፋቱ የማን ነው ብለሽ በትሕትና ጠይቀሽኛል። የእኔ ነው። በትሕትና መጠየቅሽ ከስድብ በላይ አመመኝ። «ወደ ቀኝ ብለውኝ አልነበረም ወይ እማማ» አልሽ። ብዬሻለሁ። እውነቴንም ነው፣ አንቺም እውነትሽን ነው፣ ክፋቱ እሱ ላይ ነው።

ስሚኝ። እኔ አልባሽ ነኝ። አልባሽ ፊት ለፊት ነው የምትቆመው። ሥራ በገባሁ በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ጆሮዬን ይዛ ያስተማረችኝ፣ ቀኝ ሲባል የራስሽ ቀኝ አይደለም፣ የቆመችው ሴት ቀኝ ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን ሙሉ ቀኝ ስል የለባሹን ማለቴ ነው። የጋሻ ሰዎችም እንደ እኛው ናቸው፤ ቀኝ የሚሉት ከጋሻው ጀርባ የቆመውን ሰው ቀኝ ነው፣ ጦር የሚይዝበትን። እጅጌውም ወደ ጦሩ ነው የሚያመለክተው። ፊት ለፊት ለሚያየው ሰው ግን ያ ግራው ነው።

አንቺ ጠላፊ ነሽ። ከጨርቅሽ ጀርባ የሚቆም ሰው የለም። ቀኝሽ ቀኝሽ ነው። ይሄን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሊቀ ጳጳሱ አይከራከሩኝም ስል አፌን ይዞ ዝም የሚያሰኘኝ ሰው ጠፋ፤ አባ ኦስበርት እንኳ ዝም ብለው ጻፉት።

የአያቴ ስህተት ነው ልበላቸው ወይ ላልሽው፣ በያቸው። ስሜን ጥሪ፣ ማፈሩን እኔ ልፈር። ይቅር በይኝ ብዬ ደግሞ አልጠይቅሽም፣ አሁን ለዚያ ጊዜ የለሽም። አንድ ክር እንዳትፈቺ። እስክጽፍልሽ ጥልፉን ጠቅልለሽ አስቀምጪው።

ነገ ጠዋት ወደ እመቤቴ ኢዶኒያ እሄዳለሁ። የእኔ ቢጤ ወደዚያ ቤት የሚሄደው ሲጠራ ነው፤ ማንም አልጠራኝም። እሄዳለሁ። ለልጅ ልጃቸው አንድ ቃል እንዲጽፉልሽ እለምናቸዋለሁ።

ፔትሮኒላ



ቶርልቢ፣ እሑድ፣ ያንን በጻፍኩ በአምስተኛው ቀን

አቪስ፣ ይሄን ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ወይም አስነብቢው፣ ግን ከመሀል አትዝለዪ። ዓሣ ነጋዴው ሰኞ የማይሄድበትን መንገድ ስለ እኔ ብሎ ነገ ይሄዳል። ከቅዱስ ጊዮርጊስ በፊት እጅሽ ይገባል ብሎ ምሎልኛል።

ምርኩዝ ተደግፌ ደረስኩ። እመቤቴ ግቢያቸው ውስጥ ዝይ እየመገቡ ነው። እርጅና ሁሉንም አሳጥሮናል፣ አቋማቸው ግን ያው ነው፣ እንደ ሻማ። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ መጀመሪያ ያዩት እጄን ነበር። «አሁንም መርፌ ትይዣለሽ?» አሉኝ። እይዛለሁ ግን ቀዳዳውን ጎረቤት ነው የሚያገኝልኝ አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቀኙንም፣ ግራውንም፣ ሐሩንም። ሲሰሙኝ ዝይዎቹ ጫማቸውን ሲነክሱ እንኳ አልተንቀሳቀሱም።

እንዲጽፉልሽ ለመንኳቸው። እምቢ አሉኝ።

አትደንግጪ። እኔ ግን ደንግጬ ነበር። የነገሩኝን እንዳለ ልንገርሽ። እሳቸው ከጻፉ መጋቢው ዝም ይላል፣ እመቤት ዳሜታም ዝም ትላለች፣ አንቺም እዚያ ቤት ትቀሪያለሽ፤ ግን እስክትሞቺ ድረስ በአሮጊት ደብዳቤ የቀረች ልጅ ትባያለሽ። ጥልፍሽን ማንም አያየውም፣ የሚያዩት ደብዳቤውን ነው። «ለልጅሽ ያንን ትመኝላታለሽ?» አሉኝ። አልመኝላትም አልኳቸው።

ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ እጅጌያቸውን ፈረስ ላይ አይተውት እንደማያውቁ ነገሩኝ። ጌታ ዋረን ነፍሳቸውን ይማረውና ፈረሳቸውን አልብሰው አያውቁም ነበር፤ ፈረስ ይሞቀዋል ይሉ ነበር። «ነይ እስቲ እንየው» ብለው ብድግ አሉ። የአልጋ አንሶላ አስመጡ። ፋቬል የምትባል አሮጊት ባዝራ አለቻቸው፣ ከእኛ ከሁለታችን ጋር እኩያ ሳትሆን አትቀርም፣ አንሶላውን ስናለብሳት እንደ ሙሽራ ዝም አለች። ከሰል ይዘን በሁለቱም ጎኗ እጅጌ ሳልን፣ ልክ በጋሻው ላይ እንዳለው አድርገን። እመቤቴ ከእኔ የተሻለ ይስላሉ። የእኔን አባ ኦስበርት ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር።

መጀመሪያ ሰው ፈረስ በሚወጣበት ጎን ቆመን አየን። አማረ። እጁ ወደ ፋቬል ጭንቅላት ያመለክታል፣ ወደፊት። ከዚያ በጅራቷ በኩል ዞረን ወደ ማዶው ጎን ሄድን። ያው እጅጌ፣ ያው አሳሳል። እጁ ግን ወደ ጅራቷ ነው።

እመቤቴ ጠጋ ብለው አዩት።

«ዋረን አንድም ቀን ሸሽቶ አያውቅም» አሉ። «ይሄ የሚሸሸው ማነው?»

እግዜር ያሳይሽ አቪስ። ጋሻ አንድ ፊት ነው ያለው፣ ፈረስ ግን ሁለት ጎን አለው፣ ጭንቅላቱ አንዴ በዚህ ነው አንዴ በዚያ። እጅጌው በሁለቱም ጎን ወደፊት እንዲሄድ፣ አንደኛው ጎን ላይ መዞር አለበት። እመቤቴ ከሰሉን ተቀበሉኝና ያንን በአንሶላው ጫፍ አጥፍተው አዙረው ሳሉት። ያ ያዞሩት እጅጌ አንቺ የጠለፍሽው ነው።

ገባሽ? የጨረስሽው ጨርቅ አልተበላሸም። የማዶው ጎን ጨርቅ ነው። ገና አልተቆረጠም ብለሻል፣ እንግዲህ ለዚያኛው ጎን ይቆረጥ። የቀረውን ጨርቅ እንደ ጋሻው አድርገሽ ትጠልፊዋለሽ፣ እሱ የመውጫው፣ ሰው ፈረስ የሚወጣበት ጎን ይሆናል። እንደታዘዘው ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርገሽው ቢሆን ኖሮ ትንሹ ጌታ በአንዱ ጎኑ እየገሰገሰ በሌላው ጎኑ እየሸሸ ነበር ሊንከን የሚገባው።

ይሄን ግን በአፍሽ እንዳትከራከሪ። በአፍ ቀኝና ግራ ማለት የት እንዳደረሰን አይተናል። አራት እግር ያለው ነገር ፈልጊ፣ ጨርቅሽን ጣይበት፣ ሰዎቹን በዙሪያው አዙሪያቸው። እመቤቴም ያሉት ይሄንን ነው። ሲሸኙኝ አንድ ነገር ጨመሩ፦ «ሥራዋ ራሱ ይናገርላት፣ እኔ ስታምፎርድ ላይ ምንም አልተናገርኩም።» እውነት ነው። ፍቺው ብቻ ነው ያሉት።

ፔትሮኒላ



ለንደን፣ የቅዱስ ማርቆስ ቀን

ለምወድዎ ለአያቴ ለእማማ ፔትሮኒላ፣

እንደምን ሰነበቱ? ይሄን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው፣ ስለዚህ ለአባ ኦስበርት ጽሑፌ ቢያስቸግራቸው ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሰዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው። ይዞት ስለመጣው መዓዛ አልናገርም። ያለኝ ጊዜ በቅሎ ለመለመን ብቻ በቃ፤ ዳቦ ጋጋሪው ጎረቤታችን የዱቄት በቅሎውን አዋሰኝ። እመቤት ዳሜታ በቅሎዋ በራችን ላይ ቆማ ስታይ አብደሻል አለችኝ። ጳጳስ የሚለብሰውን የምንሰፋበት ቤት ነው፣ እውነቷን ነው።

እንዴት እንደነበር ጠይቀው እንደሚጽፉልኝ ስለማውቅ ቀድሜ ልመልስ። መጋቢው ሲያይ ተቆጣ። ሽማግሌው አልተቆጡም። ጨርቁን በመውጫው ጎን ሳደርገው ልክ አይደለም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደ ማዶው ጎን ሳዞረው ጎንበስ ብለው አዩት። በቅሎዋን ሁለት ጊዜ ዞሯት። ከዚያ መጋቢውን ጠርተው እሱንም አዞሩት። ስለ ፈረስ ልብስ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ።

«ሁለት ባልቴቶችና አንዲት ባዝራ» አልኳቸው።

መሳቃቸውን በኋላ ነው የሰማሁት፤ እኔ በዚያን ሰዓት ጨርቁን ከበቅሎዋ ላይ እያወረድኩ ነበር። መጋቢው ሁለተኛው ጨርቅ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀና ሄደ።

እመቤት ዳሜታ አላመሰገነችኝም። እርስዎ አያውቋትም፣ አታመሰግንም። ከምሳ በኋላ ግን በርጩማዬን ከበሩ አጠገብ አንስታ መስኮቱ ጋ፣ ከእሷ በርጩማ ጎን አስቀመጠችው። እዚያ ብርሃን አለ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን ቦታ በዓይኔ ብቻ ነበር የማውቀው። ዛሬ ሁለተኛውን እጅጌ የጀመርኩት እዚያ ቁጭ ብዬ ነው።

እንግዲህ እዚሁ ቀረሁ ማለት ነው፣ እማማ።

የልጅ ልጅዎ አቪስ



ቶርልቢ፣ ከጰራቅሊጦስ በኋላ ያለው ማክሰኞ

አቪስዬ፣ የኔ ብርሃን፣

አየሁት። ጠይቀሽኛልና እነግርሻለሁ፣ ባትጠይቂኝም ከመንገር የሚያስቀረኝ አልነበረም።

ትንሹ ጌታ ዋረን ሰይፉን ታጥቆ ከሊንከን ሲመለስ በእኛ መንደር አለፈ። ሰው በሙሉ በመውጫው ጎን ባለው መንገድ ዳር ተኮለኮለ፣ እዚያ ጥላ አለ። እኔ ማዶውን ያዝኩ። ፀሐዩ አናቴን ሲበላኝ ቀና ብል ማንን ባይ ጥሩ ነው? እመቤቴ ኢዶኒያ በእግራቸው መጥተው አጠገቤ ቆመዋል። አንድም ሰው አላስከተሉም። ሁለታችን ብቻችንን ከዚያ ማዶ።

ፈረሱ ሲመጣ ቀዩ እንደ እሳት ነው። በላዩ ያ ነጭ እጅጌ ወደፊት ይሄዳል፤ ፈረሱ ሲራመድ ጨርቁ ይወዛወዛል፣ አፉ የሰፋው የእጅጌው ጫፍ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሰው እጁን አንስቶ የሚጣራ ነው የሚመስለው። እጥፋቶቹን በብርማ ክር አጉልተሽ እንደጠለፍሻቸው አየሁ። ያንን ማንም አላስተማረሽም፣ ከራስሽ ነው ያመጣሽው። ዓይኔ የመርፌ ቀዳዳ ባያይም ስፌት ያያል። እኔ ስድሳ ዓመት መርፌ ይዤ እንደዚያ ያለ ስፌት አልሰፋሁም፤ ይሄን ደግሞ ለማንም ብዬ አላውቅም። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ እንኳ ከማዶ ሆኖ «ለካ እጅጌ ነው» ሲል ተሰማ።

እመቤቴ ፈረሱ ሲደርስ አንድ እርምጃ ወደ መንገዱ ገቡና እጃቸውን ዘርግተው ጥልፉን ነኩት። ልጁ ከላይ አላያቸውም። «ፔትሮኒላ፣ ይሄኛው ከዋናው ይበልጣል» አሉኝ። ዋናውን የሰፋሁት እኔ ነኝ እመቤቴ አልኳቸው። «ለዚህ እኮ ነው ለአንቺ የምነግርሽ» አሉኝ። ተቀብያለሁ። ይበልጣል።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። አባ ኦስበርት ለኑዛዜ አቆዪልኝ አሉኝ፤ ለእሳቸው አይደለም የምናዘዘው፣ ላንቺ ነው፣ እሳቸው ይጻፉ።

ያ ክፉ ደብዳቤሽ ሲነበብልኝ፣ «ወደ ቤት ይልኩኛል» የሚለው ጋ ሲደርሱ፣ የደነገጥኩ ይመስልሻል። መጀመሪያ ግን አልደነገጥኩም። ደስ አለኝ። ልቤ ዘለለ። አልጋሽን የት እንደምዘረጋ አሰብኩ፣ ምን እንደምቀቅልልሽ አሰብኩ፣ በክረምት ማታ ማታ ከማን ጋር እንደማወራ አሰብኩ። አባ ኦስበርት አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። አንቺ እዚያ ስታለቅሺ እኔ እዚህ ወጥ እየሠራሁልሽ ነበር። ከዚያ ነው አንገቴን የደፋሁት።

ያን ያህል በጠዋት ተነስቼ ወደ እመቤቴ የገሰገስኩት ደፋር ሆኜ አይምሰልሽ። አንድ ቀን ብቆይ ኖሮ ጉልበቴን አሞኛል ብዬ የምቀር መስሎኝ ራሴን ፈርቼ ነው።

ይኸው ተናገርኩ። አባ ኦስበርት ብዕራቸውን አላነሱም፣ ጣራውንም አላዩም፣ ጻፉት።

እንግዲህ ናፍቄዎታለሁ ወይ፣ ልምጣ ወይ ብለሽ በመጨረሻ የጠየቅሽኝን እመልሳለሁ። አትምጪ። የዘንድሮ በግ ሸለታ አልቋል፣ ሱፉን በሙሉ አልጋሽ ላይ ከምሬዋለሁ፣ የምትተኚበት ቦታ የለም። መስኮቱ ጋ ቁጭ በይ።

ፔትሮኒላ